ባልደረቀ መረብ ውስጥ ምን ይጓዛል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ አምድ ስለ እምቦጭ አረም ከጻፍን በኋላ ከወሎ የደረሱን ደብዳቤዎች ስለ አረሙ ሳይሆን በውኃ ውስጥ ስለሚኖሩ ትንንሽ እንስሳት የሚጠይቁ ሆነው አገኘናቸው። እንደ ቀንድ አውጣ፣ የውኃ ቁንጫና የትንኝ እጭ ያሉ የጀርባ አጥንት የሌላቸው ፍጥረታት ከጥንተ መገኛቸው ርቀው በሌላ ውኃ ውስጥ እንዴት ሊገኙ እንደሚችሉ ሁሉም የጠየቁት ስለሆነ ደብዳቤዎቹን በዚህ እትም በአንድነት እንመልሳቸዋለን።

«ከሐይቅ ከተማ የምጽፍ ዓሣ አስጋሪ ነኝ። በስምጥ ሸለቆ ከሚገኙት ሐይቆች በአንዱ ይሠራ ከነበረ ዘመዴ ያገለገለ መረብ ገዛሁ። መረቡ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ መጣልኝ፤ ስፈታው ገና እርጥብ ነበር። አንድ ባልንጀራዬ ‹ሳታደርቀው ወደ ሐይቁ እንዳትጥለው፤ የሌላ ውኃ ተባይ ታመጣብናለህ› አለኝ። እኔ ግን መረቡን አገላብጬ ባየው ምንም አላገኘሁበትም። ባልንጀራዬ እውነቱን ነው?»

እውነቱን ነው፤ ስለ ምክሩም ሊመሰገን ይገባዋል። እርስዎ መረቡን አገላብጠው ምንም ማጣትዎ የሚያስገርም አይደለም፤ ምክንያቱም የሚጓዙት እንስሳት አብዛኛውን ጊዜ የሚሻገሩት አድገው በዓይን በሚታዩበት ዕድሜ ሳይሆን በእንቁላልና በእጭ ደረጃ ላይ ሳሉ ነው። ይህን ለማረጋገጥ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። እኔ ራሴ በሐይቁ ዳርቻ፣ ገና ከውኃ ከወጣ መረብ አንድ ክንድ ያህሉን በነጭ ሳፋ ውስጥ በንጹሕ ውኃ አለቀለቅሁና ሳፋውን ለግማሽ ሰዓት ሳልነካው ተውሁት። ደለሉ ሲረጋ ከታች የጣት ርዝመት ያለው የውኃ ሣር ቁራጭ ታየኝ። ሣሩን ስገለብጠው ከቅጠሉ ሥር እንደ እንቁላል ነጭ የሚያብረቀርቅ፣ የትንሽ ጣት ጥፍር የማይሞላ ሙጫ መሰል ነገር ተለጥፏል፤ በውስጡ በርካታ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ከሳፋው ጠርዝ ምስር የሚያክሉ ሁለት ቀንድ አውጣዎች ወደ ላይ ይወጣሉ። ውኃውን ወደ ፀሐይ ሳዘነብለው ደግሞ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጡ ፍጥረታት እየዘለሉ ሲዋኙ አየሁ። ሙጫ መሰሉ ነገር የቀንድ አውጣ እንቁላል ነው፤ የሚዘሉት የውኃ ቁንጫዎች ናቸው። እነዚህ ሁሉ የዚያው የሐይቁ ነባር ነዋሪዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ነገር ግን አንድ ክንድ መረብ ይህን ያህል ከያዘ በማዳበሪያ ከረጢት ታፍኖ የመጣው የእርስዎ ሙሉ መረብ ምን ሊይዝ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

በሰሜን አሜሪካ የደረሰውን ብነግርዎ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ዛጎሉ እንደ ሜዳ አህያ የተሸነተረ በመሆኑ ዜብራ ሙሰል ተብሎ የሚጠራው፣ ከጥፍር ብዙ የማይበልጥ እንስሳ ጥንተ መገኛው የጥቁር ባሕርና የካስፒያን ባሕር አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በካናዳና በአሜሪካ ድንበር ላይ ባለው በሴንት ክሌር ሐይቅ ተገኘ። ወደዚያ ያደረሱት መርከቦች ናቸው፤ መርከብ ጭነት ሲያራግፍ ሚዛኑን ለመጠበቅ ሆዱ ውስጥ ውኃ ይሞላል፣ በሌላ ወደብ ጭነት ሲቀበል ደግሞ ያንን ውኃ ከነእጩ ያፈሰዋል። ሴቷ ዜብራ ሙሰል በዓመት እስከ አንድ ሚሊዮን እንቁላል መጣል ትችላለች፤ እጩም የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ስለሆነ በውኃ ውስጥ ሲንሳፈፍ በዓይን አይለይም። ከዚያ በኋላ ወደ ውስጠኞቹ ሐይቆች ያስፋፋው ግን መርከብ አይደለም። ሰዎች በመኪና ተጎታች ከሐይቅ ወደ ሐይቅ የሚወስዷቸው ትንንሽ ጀልባዎች ናቸው፤ ያደገው ሙሰል ቀዝቀዝ ባለና እርጥበት ባልጠፋበት ቦታ ከውኃ ውጭ ለቀናት በሕይወት ይቆያል። የኃይል ማመንጫዎችንና የፋብሪካዎችን የውኃ ቧንቧ እየደፈነ ያደረሰው ኪሣራ ከፍተኛ በመሆኑ አገሮች የመርከብን የሚዛን ውኃ የሚቆጣጠር ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2004 አጽድቀው በ2017 ሥራ ላይ አዋሉት። እኛ ወደብ የለንም፤ ለእኛ መርከቡ መረቡ የተጫነበት የአውቶቡስ ጣሪያ ነው።

ስለዚህ መረቡን ከሐይቁ ርቀው፣ እጣቢው ተመልሶ ወደ ውኃው በማይወርድበት ደረቅ መሬት ላይ አራግፈው በደንብ ይጠቡት። በተለይ ቋጠሮውን፣ የእርሳሱን ገመድና ተንሳፋፊዎቹን በእጅዎ እያሹ ይጠቡ፤ ጭቃ የሚደበቀው እዚያ ነውና። ውኃ ማሞቅ ከቻሉ 45 ዲግሪ በደረሰ ውኃ ለ15 ደቂቃ መዘፍዘፍ ብዙዎቹን ይገድላል። ከዚያም መረቡን ዘርግተው ቢያንስ ለአምስት ቀን ፀሐይ ይምታው። ማድረቅ ብቻውን ግን አይበቃም፤ የውኃ ቁንጫ ክፉ ጊዜን ለማለፍ የምትጥለው፣ ኮርቻ በሚመስል ጠንካራ ሽፋን ውስጥ ያለው እንቁላል ድርቀትን ችሎ ለዓመታት ይቆያል። እጠቡ፣ ከዚያም አድርቁ የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ አለመኖሩንም ያስቡበት። ወንዝ ባለው ሐይቅ ውስጥ የገባ ነገር ቢያንስ በከፊል እየተጠረገ ይወርዳል፤ በእናንተ ሐይቅ ውስጥ የገባ ግን እዚያው ይቀራል። ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ ወደ እናንተ ሐይቅ ውኃ ስለሚወርድ በአርዲቦ ዳርቻ የታጠበ መረብ ጉዳይም የእናንተው ጉዳይ ነው።

«በወልድያ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ዳክዬና ሽመላ ከሐይቅ ሐይቅ እየበረሩ በእግራቸውና በላባቸው ቀንድ አውጣና እንቁላል እንደሚያጓጉዙ ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ። እንግዲያው ይህ የተፈጥሮ ሥራ ከሆነ ሰውን ተጠያቂ የምናደርገው ለምንድን ነው?»

ያስተማሩት ትክክል ነው። ቻርልስ ዳርዊን የዳክዬ እግር ገና የተፈለፈሉ ቀንድ አውጣዎች ባሉበት የውኃ ገንዳ ውስጥ አንጠልጥሎ ነበር፤ ጫጩቶቹ በእግሩ ላይ አጥብቀው ተጣበቁ፤ ከውኃ ወጥተውም በእርጥብ አየር ውስጥ ከ12 እስከ 20 ሰዓት በሕይወት ቆዩ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ዳክዬ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር መብረር ትችላለች። የውኃ ቁንጫ እንቁላልም በወፍ ሆድ ውስጥ አልፎ ሳይሞት ሊወጣ ይችላል።

ነገር ግን ወፎች በሐይቅ ከተማው ሐይቅ፣ በአሸንጌና በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች መካከል ሲመላለሱ የኖሩት ሰው መረብ መሥራት ከመጀመሩ በፊት ጀምሮ ነው። በእነርሱ መንገድ ሊደርስ የሚችለው በብዙ ሺህ ዘመን ውስጥ ደርሷል፤ ነባር የምንላቸው ፍጥረታትም ከእነዚህ ብዙዎቹን ይጨምራሉ። የአሜሪካን ቀንድ አውጣ አትላንቲክን አሻግሮ አፍሪካ የሚያደርስ ወፍ ግን የለም። ሰው የለወጠው ርቀቱን፣ ድግግሞሹንና ብዛቱን ነው፤ አንዲት ወፍ ሁለት ጫጩት ስትሸከም አንድ በርሜል የዓሣ ማጓጓዣ ውኃ በሺህ የሚቆጠሩ ሊይዝ ይችላል፤ ያውም በሰዓታት ውስጥ፣ በጥላ ሥር ሆኖ።

በብዛት መድረስ ግን ግዴታ አይደለም፤ ለተማሪዎችዎ ቢነግሯቸው የምወደውም ይህን ነው። ከውኃ ቁንጫዎች ብዙዎቹ ሴቷ ያለ ወንድ ራሷን የምትመስል ልጅ የምትወልድባቸው ናቸው። በኬንያ በናይቫሻ ሐይቅ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ያሳየው አስደናቂ ነገር ነው። ተመራማሪዎቹ ከሐይቁ ወለል ደለል ቆፍረው አወጡ፤ ደለሉ በየዓመቱ እየተደራረበ ስለሚቀመጥ ከታች ያለው የጥንቱን፣ ከላይ ያለው የቅርቡን ዘመን ይዟል። በእያንዳንዱ ንብርብር ውስጥ የነበሩትን የተኙ የውኃ ቁንጫ እንቁላሎች ዘረመል መረመሩ። ከታች የተገኘው በወንድና በሴት የሚራባው፣ እርስ በርሱ የተለያየው ነባሩ ዝርያ ነበር፤ ወደ ላይ ሲወጡ ግን ከአሜሪካ የመጣ፣ ሁሉም የአንዲት እናት ቅጂ የሆነ አንድ ዘር ብቻ ቀረ። ነባሩን ሙሉ በሙሉ ለመተካት 60 ዓመት አልፈጀበትም። ያ ዘር በአፍሪካ ውስጥ በሌሎች ውኃዎችም ተሰራጭቶ ተገኝቷል። በሐይቁ ዳር የሚኖር ማንም ሰው ይህ ሲሆን አላየም፤ ውኃው ያው ውኃ፣ ቁንጫዋም በዓይን ሲያዩዋት ያችው ቁንጫ ነበረች። እንደ እኔ ከሆነ ከዜብራ ሙሰሉ ቧንቧ መድፈን ይልቅ የሚያሳስበው ይህ ድምፅ የሌለው መተካት ነው።

ማርብልድ ክሬይፊሽ የሚባለው፣ ሸርጣንና ጊንጥ የተዳቀሉበት የሚመስል የውኃ እንስሳም እንዲሁ ሴት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በጀርመን በቤት ውስጥ የዓሣ ገንዳ በሚያሳድጉ ሰዎች ዘንድ ታወቀ፤ ዛሬ በማዳጋስካር በሩዝ ማሳዎችና በወንዞች ተንሰራፍቷል። ለዚህ ሁሉ አንዲት እናት ትበቃለች።

«በቃሉ ወረዳ አርሶ አደር ነኝ። ከቤቴ ጓሮ የዓሣ ኩሬ ቆፍሬአለሁ። የቆሮሶ ጫጩት እንደሚሰጠኝ ተነግሮኛል። ጎረቤቴ ከሐይቅ ጥቂት የውኃ ሣርና አንድ ሁለት ጄሪካን ውኃ አምጥቼ ኩሬው ውስጥ ብጨምር ዓሣው ቶሎ እንደሚለምድ መከረኝ። ጥሩ ነውን?»

ኩሬውን መቆፈርዎ መልካም ነው፤ ሣሩንና ውኃውን ግን አያምጡ። ጎረቤትዎ በቅን ልቦና መክሮዎታል፤ ሆኖም ከሣር ጋር የሚጓዘውን ነገር ብዛት ከላይ በሳፋው ውስጥ አይተናል። በዓለም ዙሪያም የውኃ ተክል ዋነኛ መጓጓዣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 ለንደን ውስጥ በአንድ የአትክልት ቦታ የውኃ አበባ ገንዳ ውስጥ ጄሊፊሽ የምትባል፣ ሙጫ መሰል ገላ ያላት ትንሽ የጨው አልባ ውኃ እንስሳ ተገኘች፤ መገኛዋ ቻይና ሲሆን ከተክሎች ጋር እንደ ተጓዘች ይታመናል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በአሜሪካ የዓሣ ገንዳ ማስጌጫ ሆነው በሚሸጡ፣ አረንጓዴ የሱፍ ኳስ በሚመስሉ የአልጌ ድቡልቡሎች ውስጥ ዜብራ ሙሰል ተገኝቶ ሱቆች ዕቃውን እንዲያነሡ ተደረገ። ከመርከብ ጀልባ፣ ከጀልባም የሱቅ ጌጥ ደረሰ ማለት ነው።

የዓሣ ጫጩት ራሱም መንገድ ነው። ቆሮሶ ወደ ሐይቅ ከተማው ሐይቅ የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ሰው አምጥቶት ነው፤ ዛሬ ብዙ ቤተሰብ የሚተዳደርበት ስለሆነ በዚያ የምቆጭ አይደለሁም። ነገር ግን ዓሣ ሲጓዝ ብቻውን አይጓዝም። ጫጩቶቹ የሚመጡበት ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ያለው ውኃ የተነሡበት ኩሬ ውኃ ነው። እንግዲህ ጫጩቶቹን ሲቀበሉ ከረጢቱን እንደ መጣ ኩሬው ውስጥ አይገልብጡት። በወንፊት ወይም በትንሽ መረብ ጫጩቶቹን ብቻ አንሥተው የጉድጓድ ውኃ በያዘ ሌላ ዕቃ ውስጥ ያቆዩዋቸው፤ የማጓጓዣውን ውኃ ግን ከኩሬም ከጅረትም ርቆ በደረቅ እርሻ ላይ ይድፉት። ሁለቱ ውኃዎች በሙቀት እንዳይራራቁ ከረጢቱን ከመክፈትዎ በፊት ለጥቂት ጊዜ በአዲሱ ውኃ ላይ ያንሳፉት፤ አለዚያ ጫጩቶቹ ይደነግጣሉ።

አንድ ሰው «ይህም ይረባል» ብሎ ሌላ እንስሳ ቢያቀርብልዎ እሺ አይበሉ። በናይቫሻ ሐይቅ ቀዩ የሉዊዚያና ክሬይፊሽ እ.ኤ.አ. በ1970 የገባው ለንግድ ይጠቅማል ተብሎ ሆን ተብሎ ነበር። ይህ እንስሳ ዳር ዳሩን እየቆፈረ ጎሬ የሚሠራ በመሆኑ በአፈር ግድብና በመስኖ ቦይ ላይ ጉዳት ያደርሳል፤ የእርስዎ ኩሬ ግድብም አፈር ነው። ወርቃማ የተባለው ትልቁ የደቡብ አሜሪካ ቀንድ አውጣም በእስያ የተስፋፋው ለምግብ ተብሎ ከገባ በኋላ ነው፤ የሩዝ ቡቃያ ይበላል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በኬንያ በምዌያ የሩዝ መስኖ ላይ መገኘቱ ተረጋግጧል። ከሌሎቹ የሚለየው እንቁላሉን ከውኃ በላይ በግንድና በሸምበቆ ላይ በደማቅ ሮዝ ቀለም ስለሚጥል ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር በመስኖ ዳር ካዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ለወረዳው ግብርና ባለሙያ ያሳውቁ።

የኩሬዎ ውኃ ሲሞላ የሚፈስበትን ቦይ በጥቅጥቅ ወንፊት ይዝጉት። በአካባቢዎ ያለው ፍሳሽ ወደ ቦርከና ይወርዳል፣ ቦርከናም ወደ አዋሽ፤ ከጓሮዎ ያመለጠ ነገር እስከ አፋር የሚያግደው የለም።

«ከባቲ የምጽፍላችሁ የቤት እመቤት ነኝ። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በሮቶና በበርሜል እናጠራቅማለን። በውስጡ የሚወራጩ ትናንሽ ነገሮች አያለሁ። ሰው ‹ትል ነው፣ ምንም አይል› ይለኛል። እውን ምንም አይልም?»

ይላል። ያዩት የትንኝ እጭ ነው፤ ትንኝም ዕድሜዋን የምትጀምረው በውኃ ውስጥ ስለሆነ ጥያቄዎ ከሌሎቹ ደብዳቤዎች ጋር አንድ ነው። በተለይ በባቲ ሊጤን የሚገባው አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ ጉዳይ አለ። መገኛዋ ደቡብ እስያና የዓረብ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ፣ በ2016 በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሃር ተገኘች፤ ከዚያ ወዲህ በተደረጉ ቅኝቶች ከተገኘችባቸው ከተሞች አንዷ ባቲ ናት። በ2022 በድሬዳዋ ለተከሰተው የወባ ወረርሽኝም ተጠያቂ ሆናለች። የቀድሞዎቹ የወባ ትንኞቻችን በዝናብ ወራት በሚጠራቀም ኩሬና በወንዝ ዳር ውኃ ላይ ሲያተኩሩ፣ ይህችኛዋ ግን ሰው ያጠራቀመውን የቤት ውኃ ትመርጣለች፤ ስለዚህ በበጋም በከተማም ትራባለች።

ሲያዩት እጩ ከውኃው ገጽ በታች እንደ ክር ዘንበል ብሎ ከተንጠለጠለ የተለመደችው የቤት ትንኝ ናት፤ ከውኃው ገጽ ጋር ተጋድሞ፣ ልክ እንደ ተኛ ከሆነ ግን የወባ ትንኝ ወገን ነው። በጠዋት ብርሃን ከላይ ቢያዩት ይለዩታል። እንዲህ ያለውን ካገኙ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ያሳዩ። እስከዚያው የሮቶውን ክዳን ያጥብቁ፤ የክዳኑና የአየር ማስገቢያው ቀዳዳ በጥቅጥቅ ጨርቅ ይሸፈን፤ በርሜሉንም በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ደፍተው ግድግዳውን በብሩሽ ይፈግፍጉት። ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ ቢያንስ አንድ ሳምንት ስለሚያስፈልጋት በየሳምንቱ የተፈገፈገ በርሜል ትንኝ አያወጣም። ውኃ ያለበትን በርሜል ከባቲ ወደ ሌላ ከተማ በመኪና ከማጓጓዝ በፊትም እንዲሁ ያድርጉ።

«ጋሼ፣ በተሁለደሬ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ልብስ በምናጥብበት ጅረት ውስጥ ከዚህ በፊት ያላየሁት ጠፍጣፋ ቀንድ አውጣ አገኘሁ። መጤ ይሆን? እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ሰምቻለሁ፤ ወቅጬ ብጨምርበትስ?»

ጠፍጣፋና እንደ ገመድ ጥቅልል የተጠቀለለ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ነባር ነው፤ ከዚህ በፊት አለማየትህ መጤ አያደርገውም። ይሁን እንጂ ነባር መሆኑ ደግ አያሰኘውም፤ የቢልሃርዚያን ትል የሚያሳድገው ቀንድ አውጣ እንዲህ ያለ ቅርጽ አለው፤ በሽታውም በእናንተ አካባቢ አለ። ስለዚህ እስኪታወቅ ድረስ በባዶ እግርህ ወደዚያ ውኃ አትግባ።

ስለ እንዶድ የሰማኸው እውነት ነው፤ ታሪኩም የእኛው ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ምርምራቸውን ከዚያ ጀመሩ፤ በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በኋላም እንዶድ ከላይ የነገርኋችሁን ዜብራ ሙሰል እንደሚገድል በአሜሪካ ተሞክሮ ታይቷል። ሆኖም እንዶድ ዓሣንም ይገድላል፤ ጅረቱም ወደ ሐይቁ የሚወርድ ከሆነ ሌላ ጉዳት ታደርሳለህ። ይህ በባለሙያ መጠኑ ተለክቶ የሚሠራ ሥራ ስለሆነ አትጨምርበት።

ይልቁንስ እንዲህ አድርግ። በእጅህ ሳትነካ በማንኪያ ወይም በወንፊት አንሣውና ሕያው ሳለ ከአንድ ብር ሳንቲም አጠገብ አድርገህ ከላይና ከጎን በስልክ ፎቶ አንሣው፤ አልኮል ውስጥ ከገባ በኋላ ሥጋው ወደ ዛጎሉ ስለሚሸሽ መለየት ያስቸግራል። ከዚያ ከፋርማሲ በሚገዛ 70 በመቶ አልኮል በተሞላ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ክተተው። የተረፉትን ወደ ሌላ ጅረት አትውሰድ። ጠርሙሱን ለባዮሎጂ መምህርህ ስጥ፤ እርሱም ደሴ ወደሚገኘው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሊያደርሰው ይችላል። ከመስጠትህ በፊት ግን በትንሽ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፍ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል። በወረቀቱ ላይ የጅረቱን ስም፣ የቀበሌውን ስም፣ ቀኑንና ውኃው ቆሞ ወይም እየፈሰሰ መሆኑን ጽፈህ ጠርሙሱ ውስጥ ጨምረው።